ዲምቱ ላይ ያስተኛነው ወይን

ጡረታ የወጣሁ ዕለት በተዘጋጀልኝ ሽኝት ላይ ሥራ አስኪያጁ ተነሥቶ «ወይዘሮ አበበች የድርጅታችን አፍንጫ ነበሩ» አለ። ሰው አጨበጨበ። እኔም ከሰው ጋር አጨበጨብኩ። ልጁ አልዋሸም፤ የነገሩትን ነው የተናገረው። እኔ ጠርሙስ አጣቢ ሆኜ የተመደብኩ ጊዜ እሱ ገና ደብተር ይዞ ትምህርት ቤት የሚመላለስ ነበር። የነገሩት ሰዎች ግን አፍንጫ መሆኔን ድሮም ያውቁ ነበር፤ ሊናገሩት የደፈሩት መሄዴን ካረጋገጡ በኋላ ነው።

ብርድ ልብስና የግድግዳ ሰዓት ሰጡኝ። ሰዓቱን ለእህቴ ልጅ ሰጠሁት።

የድርጅቱን ስም አልጽፍም። ሶዶ ውስጥ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የማያውቅም ቢያውቀው የሚጨምርለት ነገር የለም። ሰዎቹን ግን እጠራቸዋለሁ። ሥራ ላይ ሳለሁ ሁሉንም አንቱ እያልኩ ኖሬያለሁ፤ ከእንግዲህ አንቱታዬን የምሰጠው ለመረጥኩት ሰው ብቻ ነው።

ስለ ሥራ ዘመኔ ላስብ ስቀመጥ ሐሳቤ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው አንድ ወይን ላይ ነው። ሪስሊንግ ይባላል። ነጭ ወይን ነው፤ አገሩ ጀርመን ነው። ወይን ጠጅ አዋቂዎች በሱ ጉዳይ ለሁለት ተከፍለዋል። አንዱ ወገን ከነጭ ወይን ሁሉ በላይ ያደርገዋል፤ ሎሚ፣ ማር፣ ዝናብ የነካው ድንጋይ ይሸተኛል ይላል። ሌላው ወገን ብርጭቆውን ወደ አፍንጫው አስጠግቶ ወዲያው ያርቀዋል፤ ላምባ ይሸተኛል ይላል፤ ኩራዝ ውስጥ የምንጨምረው ነጭ ጋዝ። ሰዎች ባዕድ አገር በሚበቅል ፍሬ የሚከራከሩ ቢመስለኝ ኖሮ ነገሩን ረስቼው ነበር። እኔ ግን በዚህ ክርክር መሐል አንድ ሰው ከሥራው ሲባረር አይቻለሁ።

ሥራ የጀመርኩት አረካ፣ ወተት መሰብሰቢያ ውስጥ ነው። ከእርሻ ትምህርት ቤት በላቦራቶሪ ረዳትነት እንደወጣሁ ነበር። ጠዋት ጠዋት ገበሬዎቹ ወተታቸውን በጣሳና በጀሪካን ይዘው ይሰለፋሉ፤ ጉሙ ገና ከእንሰቱ ላይ አልተነሣም፤ ሰዎቹ ከነጉሙ እየመጡ ከነጉሙ የሚሄዱ ይመስሉኝ ነበር። የኔ ሥራ ክዳን መክፈት ነበር። ክዳኑን ትንሽ ገለጥ አድርጌ የመጀመሪያውን ትንፋሽ እይዛለሁ። ሁለተኛው ትንፋሽ ዋጋ የለውም። ወተት ላሟ ምን ስትበላ እንዳደረች ይናገራል፤ ጎመን ከሆነ ጎመን፣ የአረም ሽንኩርት ከሆነ የአረም ሽንኩርት። አለቃዬ በማሽተት የማያምን ሰው ነበር፤ በመስታወት ዘንግ የሚለካውን ብቻ ነው የሚያምነው። ውኃ የገባበትን ወተት ዘንጉ ሲያገኘው «አየሽ?» ይለኛል፤ የሸተተውን እኔ ስይዘው ዝም ይላል። ደመወዜ ለቤት ኪራይና ለጫማ ይበቃ ነበር፤ ስለሱ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ከዚያ ዲምቱ አካባቢ ነጭና ቀይ ወይን የሚያለማ ድርጅት የላቦራቶሪ ሠራተኛ ይፈልጋል ሲባል ሄድኩ።

ዲምቱ ሙቀት ነው። ከሶዶ ወርዶ ለመጣ ሰው መጀመሪያ ትንፋሹ ያጥረዋል፣ ቆይቶ ይላመዳል፣ በመጨረሻ ያንቀላፋል። ከሰዓት በኋላ ከብላቴ ወንዝ በኩል ነፋስ ሲነሣ የወይኑ ቅጠል ሁሉ ባንድ ላይ ይገለበጥና ማሳው ነጣ ይላል፤ ነፋሱ ሲያልፍ ተመልሶ ይጠቁራል። ዳሞታ በሩቁ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል፤ ተራራ መሆኑ ቀርቶ ደመና ይመስላል። እዚያ ያሳለፍኩትን ዘመን ሳስብ አንድም ቀን ሙሉ ለሙሉ የነቃሁ አይመስለኝም።

ማሳውንም መጥመቂያ ቤቱንም የሚመሩት ጋሽ ጩማ ነበሩ። የገሱባ ሰው ናቸው። አማርኛን የተማሩት ሥራ ላይ ነው፤ ወንድና ሴት ብዙም አይለዩበትም ነበር። እኔን አንተ፣ ወይኑን እሷ ይላሉ። እስክለምደው ያስቀኝ ነበር፤ ከለመድኩት በኋላ ሌላ ሰው አንቺ ሲለኝ የሚጠራው ሌላ ሴት ይመስለኝ ጀመር።

በማሳው ጥግ ያሉት መደዳዎች የሪስሊንግ ነበሩ። ዲተር የሚባል ጀርመናዊ ባለሙያ ችግኙን አምጥቶ ተክሎ፣ ውሉ ሲያልቅ አገሩ ገብቷል። እኛ ስሙን ስለሚከብደን «ጀርመኗ» እንላት ነበር። የጀርመኗ ችግር እንቅልፍ ነው። በአገሯ ክረምት ሲገባ ቅጠሏን አራግፋ ትተኛለች፤ ብርዱ ሲያልፍ ትነቃለች፤ ፍሬ የምትሰጠው ተኝታ ስትነሣ ነው። ዲምቱ ላይ ማን ያስተኛታል? ሁልጊዜ በጋ ነው። እንቅልፍ ያላገኘ ወይን ቅጠል ብቻ ያወጣል፤ ዓይኑ ፈጦ ይውላል።

ስለዚህ ጋሽ ጩማ ያስተኟታል። መጀመሪያ ውኃዋን ይቀንሳሉ፤ ከዚያ ጨርሶ ይዘጋሉ። ቅጠሏ ቢጫ ሲሆን እኛ ሴቶቹ መደዳ መደዳውን ይዘን በእጃችን እናራግፋለን። ያን ሰሞን በጀርመኗ መደዳዎች መሐል ጮክ ብሎ ማውራት አይፈቀድም። በሕግ የተጻፈ አልነበረም፤ ጋሽ ጩማ ሲያልፉ ድምፃቸውን ዝቅ ስለሚያደርጉ ሁላችንም ዝቅ እናደርጋለን። አንድ ጊዜ አብራኝ የምትሠራው ላቀች ሳቋ አመለጣት።

«ላቀች፣ ተኝታለች» አሏት ጋሽ ጩማ።

«ጋሼ፣ እንጨት እኮ ነው።»

«አንተም ስትተኛ እንጨት ነህ።»

ከሣምንታት በኋላ ይገርዟታል፤ ውኃ ይለቁላታል። የተገረዘው ጫፍ ላይ ጠብታ ይወጣል። ጋሽ ጩማ ጠብታውን በጣታቸው ነክተው ምላሳቸው ላይ ያደርጉና «ነቅታለች» ይላሉ። ያን ቀን መሳቅ ይቻላል።

የቅምሻ ሥራ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ቅምሻ ባለ ቀን የሚያቃጥለውን ዳጣ አይበሉም፤ በሳሙና አይታጠቡም፤ እጃቸውን በአመድ አሽተው በውኃ ያለቀልቁታል። ብርጭቆውን ከማሽተታቸው በፊት የገዛ እጃቸውን ጀርባ ያሸታሉ። «አፍንጫ ከቤቷ ተነሥታ ነው መሄድ ያለባት» ይሉኝ ነበር። «ከቤቷ ካልተነሣች የት እንደደረሰች አታውቅም።» ከዚያ ብርጭቆውን ያሸታሉ፤ ይመለሳሉ፤ እጃቸውን ያሸታሉ። ፍርድ ለመስጠት አይቸኩሉም። ሌላው ሰው ሁሉ ተናግሮ ሲጨርስ «እኔ ገና ነኝ» ይላሉ። መብራት ስለሚጠፋ መጥመቂያ ቤት ውስጥ ፋኖስ ነበራቸው፤ ጠጁ መጥራቱን የሚያዩት ፋኖሱን ከታንኩ በላይ ካለው መንጠቆ ላይ ሰቅለው፣ የቀዱትን ብርጭቆ ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርገው ነው። ይህንን ያላየ ሠራተኛ አልነበረም።

አንድ ዓመት በልግ ቀረ። ሣሩ ነደደ። በዲምቱ ዙሪያ ከብት ያለው ሰው ሁሉ የሚያበላው አጥቶ ተቸገረ። እኔም ያኔ ተከራይቼ በምኖርበት ግቢ አንዲት ላም ነበረችኝ፤ ከብዳ ነበር፤ ጎኗ ገብቶ አጥንቷ ይቆጠር ጀመር። የላቀችም ላም እንዲሁ። ሴቶቹ ተሰብስበን ጋሽ ጩማ ዘንድ ሄድን። ማሳው አረንጓዴ ነው፤ ውኃ ይጠጣል፤ ከብቶቻችን አጥር ሥር ቆመው ያዩታል።

ላቀች ናት የተናገረችው። አፏ ከሁላችንም የፈጠነ ነበር።

«ጋሼ፣ ቅጠሉን ትንሽ ትንሽ ብንወስድስ?»

ጋሽ ጩማ ከብቶቹን አዩ፣ ማሳውን አዩ። የሌላው ወይን ቅጠል መድኃኒት ተረጭቶበት ነበር፤ ለከብት አይሆንም። ያልተረጨችው ጀርመኗ ብቻ ነበረች።

«ከታች ከታች» አሉ በመጨረሻ። «ላይኛውን አትንኩ። ዘለላውን አትጉዱ።»

ከታች ከታች ወሰድን። ቅጠሉን በነጠላችን ቋጥረን፣ ፀሐይ ሲበርድ በመደዳው መሐል ስንወጣ የዘለላው ፍሬ ራቁቱን ቀርቶ ነበር፤ ፀሐዩ እያንዳንዷን ፍሬ ለብቻዋ ያበራታል፤ በውስጧ ዘሯ ይታያል። እንዲህ የሚያምር ነገር በዕድሜዬ አላየሁም። ላሜ ቅጠሉን ስትበላ የምታሰማው ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ።

የዚያ ዓመት ለቀማ ጥሩ ነበር። ፍሬው ጣፋጭ፣ ቆዳው ወፈር ያለ። ተጨመቀ፣ ፈላ፣ ጠለለ። መጀመሪያ ሎሚና ማር ነበር የሚሸተው። ጥቂት ወራት ካረፈ በኋላ አንድ ጠዋት የታንኩን ክዳን ገለጥ አድርጌ የመጀመሪያውን ትንፋሽ ስይዝ ሌላ ነገር አገኘሁ። ክዳኑን መልሼ ዘጋሁ። የእጄን ጀርባ አሸተትኩ። ደግሜ ከፈትኩ። ላምባ።

ጋሽ ጩማን ጠራኋቸው። እሳቸውም እጃቸውን አሸተቱ፣ ታንኩን አሸተቱ፣ ተመለሱ፣ ደገሙት። ከዚያ ቀና ብለው መንጠቆው ላይ የተሰቀለውን ፋኖስ አዩት። ያን አስተያየታቸውን ባላይ ደስ ባለኝ። ፋኖሱን አውርደው ደጅ አስቀመጡት።

የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ያኔ ምንውየለት የሚባል ሰው ነበር። ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ሸሚዙ የማይጨማደድ። መጥመቂያ ቤት የሚገባው እንግዳ ሲያመጣ ብቻ ነው። በዚያው ሰሞን ሁለት ገዢዎች ጋበዘ፤ አንዱ ሐዋሳ ውስጥ ትልቅ ሆቴል ያለው፣ ሌላዋ አርባ ምንጭ ውስጥ ምግብ ቤት ያላት ሴት። በረንዳው ላይ ጠረጴዛ ተዘረጋ። እኔ ቀጂ ነበርኩ። ጋሽ ጩማ «ይሄ ታንክ ይቆይ፣ እኔ ገና ነኝ» ብለውት ነበር፤ አልሰማቸውም። አዲስ ነገር አለን ብሎ ለእንግዶቹ ተናግሮ ነበርና።

የሐዋሳው ሰው አሸተተና ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«ይሄ ጋራዥ ነው» አለ።

ሴትየዋ ጠጥታ ዓይኗን ጨፍና ነበር። «ጋራዥህን ለኔ ስጠኝ» አለችው። «ከኋላው ሎሚ አለ፣ የተነጠረ ማር አለ። እስቲ አፍህ ውስጥ ያዘው።»

«ላምባ አፌ ውስጥ አልይዝም። ክብሪት የጫረ ሰው ቢያልፍብኝስ?»

ሰው ሳቀ። ምንውየለትም ሳቀ፤ ጆሮው ግን ቀልቷል።

«አልገባህም» አለች ሴትየዋ። «በሳል ቅቤ የማይወድ ሰው አለ አይደል? ለጋ ብቻ የሚበላ? አንተ እንደሱ ነህ።»

«እሜትዬ፣ ቅቤ ሲቆይ ነው የሚሸተው። ይሄ ገና ዓመት አልሞላውም። የሆነ ሰው የሆነ ነገር ደፍቶበታል።»

እዚያ ላይ ነገሩ አለቀ። ሴትየዋ «ሁሉንም እኔ ልውሰደው» አለች፤ ሦስት ጊዜ ነው የደጋገመችው። ምንውየለት ግን ብዙ የሚገዛው የሐዋሳው ሰው ስለሆነ ያየው ፊት የሱን ነበር። ለሴትየዋ «ለደንበኛ የተበላሸ አንሸጥም» አላት። ከንፈሯን ጠርጋ ተነሣች። ስትወጣ ባጠገቤ አልፋ «ያሳዝናል» አለችኝ። ያዘነችው ለጠጁ ይሁን ለኔ ሳልጠይቃት ቀረሁ።

በነጋታው ስብሰባ ተጠራ። ምንውየለት የጠየቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ መጥመቂያ ቤት ውስጥ ላምባ የያዘ ማነው? ሰው ሁሉ መሬት መሬት አየ። ላቀች እጇን አወጣች።

«ጋሽ ጩማ ፋኖስ ታንኩ ላይ ሰቅለው አይቻለሁ።»

እውነቷን ነው። ሰቅለዋል። እኔም አይቻለሁ፤ ሁላችንም ሁልጊዜ እናያለን። ሰው በውሸት ሲከስ መልስ ይገኝለታል፤ ላቀች ግን ሁሉም የሚያውቀውን እውነት በትክክለኛዋ ሰዓት ነው የተናገረችው። ከወር በኋላ የመጥመቂያ ቤቱ ቁልፍ ወገቧ ላይ ነበር። ይህንን እንድታነበው ነው የምጽፈው፤ ታነበዋለች።

እኔ ተነሥቼ «ሌላው ታንክ እዚያው ጎን ነው፤ እሱ ላይም ፋኖስ ይሰቀላል፤ እሱ ለምን አልሸተተም?» አልኩ። ምንውየለት «ወይዘሮ አበበች፣ ይቀመጡ» አለኝ። ደግሜ ተነሣሁ። «ይቀመጡ ተብለዋል» አለኝ።

ከዚያ ወደ ጋሽ ጩማ ዞሮ «እርስዎ ምን ይላሉ?» አላቸው።

ጋሽ ጩማ የእጃቸውን ጀርባ ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። የሚያደርጉትን ያወቁት አይመስለኝም።

«ይሆናል» አሉ። «አላውቅም። ይሆናል።»

አላደረግሁም ቢሉ ይከራከሩላቸው የነበሩ ሰዎች ነበሩ። «ይሆናል» ላለ ሰው ግን ማን ይከራከራል?

ታንኩን ከፍተው ለቀቁት። ጠጁ በመጥመቂያ ቤቱ ጀርባ ባለው ቦይ ወርዶ ደረቁ መሬት ውስጥ ገባ፤ ፀሐይ ላይ እንደ ቅቤ ቢጫ ነበር። ያን ሰዓት የማሳው አየር ሁሉ ሎሚና ላምባ ሸተተ፤ ንቦች መጥተው በቦዩ ጫፍ ላይ ተንሳፈፉ። የምሠራው ሥራ ሁሉ እዚያ ቦይ ውስጥ ሲወርድ ቆሜ አየሁት። ጋሽ ጩማ ካፖርታቸውን ክንዳቸው ላይ አድርገው በመደዳዎቹ መሐል በእግራቸው ወጡ። በጀርመኗ በኩል ሲያልፉ እንደ ልማዳቸው ረገጥ ሳያደርጉ ነው ያለፉት። ተኝታ አልነበረም፤ ነቅታ ነበር፤ ግን እንደተኛች ነው ያለፏት።

ላቦራቶሪ ውስጥ ከየታንኩ ናሙና ጠርሙስ እናስቀምጥ ነበር። የዚያ ታንክ ናሙናም ይደፋ ተባለ። አንዱን ጠርሙስ አልደፋሁትም። ሰረቅሽ የሚለኝ ካለ ይበለኝ፤ መሬት የሚጠጣውን ነው ያስቀረሁት። ሶዶ እናቴ ግቢ ወስጄ፣ ከጓሮ እንሰቱ ሥር፣ አፈሩ ሁልጊዜ ቀዝቃዛ በሆነበት ቦታ ቀበርኩት።

ከስብሰባው በኋላ ጠርሙስ እጥበት ላይ መደቡኝ። «ለጤናዎ ይሻላል፣ ላቦራቶሪው ኬሚካል ነው» አለኝ ምንውየለት። እጄ ከሶዳ ብዛት ተላጠ። ዓመታት እንዲህ አለፉ። ምንውየለት ተዛወረ፣ ሌላ መጣ፣ እሱም ተዛወረ፤ የጀርመኗን መደዳዎች ነቅለው ፓፓያ ተከሉበት። በመጨረሻ እኔን ሶዶ ወደሚገኘው የድርጅቱ መሸጫ ሱቅ አመጡኝ፤ ከዲምቱ የሚመጣውንም ከውጭ የሚገባውንም ወይን ጠጅ እሸጥ ነበር።

እዚያ ነው ሪስሊንግ ተመልሶ የመጣው። ከውጭ የታሸገ፣ ረጅም አንገት ያለው ጠርሙስ። አንዱ ደንበኛ ገዝቶ ሄዶ በማግሥቱ ይመልሰዋል፤ «ነዳጅ ነክቶታል፣ ማሽን ቤት አጠገብ ነው እንዴ የምታስቀምጡት?» ይለኛል። ሌላው ደግሞ ያ የተመለሰው ካለ ስጪኝ ይላል። አንድ ቀን እንዲህ ያለውን አንድ ጠርሙስ አንዱ ሲመልስ ሌላዋ ባጠገቡ ቆማ ነበር፤ ዩኒቨርሲቲ የምታስተምር፣ ሰላማዊት የምትባል ዶክተር፤ ጀርመን የተማረች። ለሰውዬው ገንዘቡን መለስኩለትና ሄደ። ጠርሙሱን እሷ ወሰደችው።

«ላምባ ይሸታል ነው የሚለው» አልኳት። «አያስጠላሽም?»

«እኔ እወደዋለሁ። ባለቤቴ ግን ሲከፈት መስኮት ይከፍታል» አለችኝ። «እማማ፣ አልተበላሸም እኮ። የፍሬው የራሱ ነው። ሪስሊንግ ፀሐይ ሲበዛበት ይሄን ጠረን ያመጣል፤ በተለይ ዘለላው ቅጠል ካልሸፈነው። ብዙውን ጊዜ ሲቆይ ነው፤ ሞቃት አገር ላይ ግን በልጅነቱም ይመጣል። ጉድለት ነው የሚሉ አሉ፤ ውበቱ ነው የሚሉ አሉ። እስካሁን አልተስማሙም።»

ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ምን ሆኑ አለችኝ። ምንም አልኳት። ዓይኔ ፊት ግን ያ ማሳ ነበር፤ በነጠላ የተቋጠረ ቅጠል፣ ራቁቱን የቀረ ዘለላ፣ እያንዳንዷ ፍሬ ውስጥ የሚታይ ዘር።

ጡረታ እስክወጣ አልጠበቅሁም ብል ውሸት ይሆናል። ጠበቅሁ። ከድርጅቱ ጋር የሚያገናኘኝ ነገር እስኪያልቅ ለማንም አልተናገርኩም። ሽኝቱ ባለፈ በሣምንቱ ከእንሰቱ ሥር ቆፍሬ ጠርሙሱን አወጣሁ። እናቴ ከሞተች ቆይታለች፤ እንሰቱ ራሱ ተቆርጦ ሌላ በቅሎበታል፤ ጠርሙሱ ግን እንዳስቀመጥኩት ነበር። በነጠላ ጠቅልዬ የገሱባ ሚኒባስ ላይ ወጣሁ። መንገዱ ስለሚያናጋ እስክደርስ ጭኔ ላይ እንደ ሕፃን ይዤው ሄድኩ።

ጋሽ ጩማ ከቤታቸው ደጅ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ዓይናቸው ደክሟል።

«አበበች ነኝ፣ ጋሽ ጩማ። የዲምቱ።»

«መጣህ?» አሉኝ። ትናንት ተለያይተን የነበረ ነው የሚመስለው።

ምራታቸው በርጩማ አመጣችልኝና ወሬ ጀመረች። መብራት ትናንት እንደጠፋ፣ እስካሁን እንዳልመጣ፣ አማቷ ግን ቤት ውስጥ ፋኖስ እንደማያስገቡ ነገረችኝ። «ኩራዝም አይወዱ» አለች። «ጨለማ ውስጥ ይቀመጣሉ። በሻማ እንኳ ያጨቃጭቁናል። ለምን እንደሆነ አይነግሩንም።»

ያኔ ነው የገባኝ። እኔ የተበደሉ መስሎኝ ነበር እስከዚያች ቀን ስበሳጭላቸው የኖርኩት። እሳቸው ግን በዳይ ነኝ ብለው ነው የኖሩት።

ጠርሙሱን ከነጠላው አወጣሁት። «ያቺ ታንክ ናት» አልኳቸው። «አንዱን አስቀርቼ ነበር።»

«ለምን አመጣህብኝ?»

«እንዲያሸቱት።»

ቡሹ ግማሹ ተቆርጦ ገባ፤ ግማሹን አወጣሁት። ቀለሙ ጠቁሮ ወርቅ መስሏል። ምራታቸው ብርጭቆ አመጣች። ጋሽ ጩማ አልተቀበሉኝም ነበር፤ ቆይተው እጃቸውን ዘረጉ። የእጃቸውን ጀርባ አሸተቱ። ብርጭቆውን አሸተቱ። ተመለሱ።

«ላምባ ናት» አሉ ቀስ ብለው። «የኔ ፋኖስ ናት።»

«ፋኖስዎ አይደለም። የተማሩ ሰዎች ነግረውኛል፤ ዓለም ላይ ሁሉ እንዲህ ይሸታል። ከውጭ የመጣውንም ራሴ ሸጬዋለሁ፤ እሱም ይሸታል። ፍሬዋ ፀሐይ ሲበዛባት ነው። አንዲት ጠብታ ላምባ የለባትም ጋሽ ጩማ።»

በጓሮ በኩል ነፋስ የእንሰቱን ቅጠል ያንኳኳ ነበር። እንቅልፍ የወሰዳቸው መሰለኝ።

«ፀሐይ ከየት አገኘች?» አሉ ቆይተው። «ጥላ ነበራት እኮ። ቅጠሏን እኔ...»

አልጨረሱትም። እኔም አልጨረስኩላቸውም። ይህንን ሳልነግራቸው ልመለስ ነበር ያሰብኩት፤ የፈታኋቸውን መልሼ እንዳላስር ፈርቼ። እሳቸው ግን ጀርመኗን ከኔ በላይ ያውቋታል።

ብርጭቆውን ደግመው አሸተቱት። ግንባራቸው ተፈታ።

«ላምህስ?» አሉኝ። «ከብዳ ነበር ያኔ።»

«ወለደች። ጥጃዋም አደገች።»

«የላቀችስ ላም?»

«እሷም ተርፋለች።»

«እንግዲያስ ጥሩ ነው» አሉና ጠጡ። አፋቸው ውስጥ ለረጅም ጊዜ ያዙት። ሲውጡት ዓይናቸው ተጨፍኖ ነበር። «ማር አላት» አሉ። «ከኋላ ማር አላት። እኔ ገና ነኝ ብዬው ነበር እኮ ሰውዬውን።»

ምራታቸው ቀምሳ ፊቷን አጨማደደች፤ «ይህን ነው የምትጠጡት?» ብላ ራሷ የጠመቀችውን ቦርዴ ልታመጣ ገባች። ጋሽ ጩማ ሳቁ። ልሄድ ስነሣ ምራታቸውን ጠርተው፣ ዛሬ መብራት ካልመጣ ከጎረቤት ፋኖስ ተውሰሽ አብሪ አሏት። እኔን ደግሞ «የቀረችውን ለላቀች ውሰድላት» አሉኝ።

«ለላቀች?»

«እሷም ቅጠል ለቅማለች። ከድርሻዋ አትከልክላት።»

የተከፈተ ጠጅ ብዙ አይቆይም፤ ይህን ያህል ያረጀ ደግሞ ጭራሽ። መንገድ ላይ ልደፋው አስቤ ነበር። አንዴ መስኮቱን ከፍቼ ጠርሙሱን እስከ ማዘንበል ደርሻለሁ። አልደፋሁትም። ከዚህ ቀደም አንድ ጊዜ ሲደፋ አይቻለሁና።

በማግሥቱ ጠዋት ላቀች ደጅ ቆምኩ። እሷም ጡረታ ወጥታ ሶዶ ነው የምትኖረው፤ ቤቷ ከቤቴ ሩቅ አይደለም፤ በዓመታት ውስጥ አንድም ቀን አንኳኩቼ አላውቅም። ከፈተችልኝ። አየችኝ፤ ጠርሙሱን አየች፤ ምን እንደሆነ ወዲያው አወቀች። ግቢ አላለችኝም፤ አትግቢም አላለችኝም። ገባሁ። ሰላማዊት ስለ ፀሐዩ የነገረችኝን ሁሉ፣ ቅጠሉን፣ ጋሽ ጩማ ጨለማ ውስጥ መቀመጣቸውን፣ አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። እንዲያማት ብዬ ነው የነገርኳት።

ብርጭቆ አመጣች። ቀዳሁላት። አሸተተችና ቀና ብላ አየችኝ።

«ላምባ ነው» አለች።

«አይደለም። ነገርኩሽ እኮ።»

«የፈለገውን ይሁን። ለኔ ላምባ ነው የሚሸተኝ አበበች። ያኔም ላምባ ነበር፣ አሁንም ላምባ ነው።»

«ላምባ ከሆነ አትጠጪዋ።»

ዓይኗን መስኮቱ ላይ አድርጋ ቀስ ብላ ጠጣችው፤ እስከ መጨረሻው ጠጣችው። ስትጨርስ ብርጭቆውን እንደያዘች ቆየች፤ ከዚያ ሳታየኝ ወደኔ ዘረጋችው።

ቀዳሁላት። አልሞላሁላትም ግን።